የቁም ሣጥኑ ጥፋት አይደለም

ለውድ እታለሜ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍ ይወስድሽ ጀመር? ባለቤትሽ፣ እማዬና አባዬ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራህ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። ክሮሞዞም እለያለሁ። ከወላጅ የወረስነውን የያዘ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቁራጭ ክር በይው፤ ሰው አርባ ስድስት፣ ማለትም ሃያ ሦስት ጥንድ አለው። እያንዳንዱ ሴንትሮሜር የሚባል ቀጠን ያለ ቦታ አለው፤ እኛ ወገብ እንለዋለን። ወገቡ መሃል የሆነውን ለብቻ፣ ከመሃል ከፍ ያለውን ለብቻ፣ ጫፉ አጠገብ የሆነውን ለብቻ እንደረድራለን። ወገቡ ጭራሽ ጫፉ ላይ የሆነም አለ፤ እሱ ግን የአይጥ እንጂ የሰው አይደለም። አለቃችን ኮምፒውተር ዓይን ያሰንፋል ባይ ናቸው፤ አዲስ ገቢ ሁሉ የክሮሞዞም ፎቶ በመቀስ እየቆረጠ ይማራል፣ ያውም ከገዛ ደሙ የተነሳውን።

የእኔን ስደረድር አርባ አምስት ሆነብኝ። አንዱን የጣልኩት መስሎኝ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጬ ፈለግሁ። ወገባቸው ጫፉ አጠገብ ከሆኑት ሁለት ጎድለዋል፤ ወገቡ መሃል የሆነ አንድ ደግሞ ጥንድ አጥቶ ተርፏል። እንደ ምንም ብዬ ከመሃለኞቹ ጋር ለጠፍኩት። አለቃችን አይተው ሳቁና፣ ሁለቱ ጎደሉ ያልካቸው እነዚሁ ናቸው፣ ወገብ ለወገብ ተጣብቀው ነው አሉኝ። ሃያ ሴል ቆጠርን፤ ሃያውም ያው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጤነኛ ነው። ለልጅ ሲከፋፈል ግን አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ያንሳል፤ ያኔ ጽንሱ አይጸናም። ይህን ሲያስረዱኝ የማስበው ያንቺን ሦስቱን ነበር። ሦስተኛው የጨነገፈብሽ ጊዜ ደውዬ፣ ምን ቁም ሣጥን አስገፋሽ ብዬ የተቆጣሁሽ እኔ ነኝ። እማዬም ከእኔ ሰምታ ነው ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራችው። በጣም አፍሬያለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ከእማዬ ወይም ከአባዬ የመጣ ከሆነ፣ አንቺም የመውረስሽ ዕድል እኩል ለእኩል ነው። እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ለሐኪምሽ አሳይተሽ ደምሽን አስመርምሪ። ቢገኝብሽም በሩ አልተዘጋም፤ እንዲህ ሆነው ጤነኛ ልጅ የወለዱ ብዙ ናቸው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለምርመራው አብሮሽ ይሂድ። አባዬን ሳሚልኝ፤ እሱም ደም ሊጠየቅ ስለሚችል የመርፌውን ነገር ቀስ ብለሽ ንገሪው። እማዬንም ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤቶቹ ባሉበት ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ የቁም ሣጥኑን ሁለት ጊዜ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከላቦራቶሪው፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር 9 ቀን