እስክትመለሺ የማይወልቅ ጥርስ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

ለምወድሽ ምራቴ፣ ለቤታችን ሐኪም፤

እንዴት ነሽልኝ ልጄ? እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይ? ምሳሽንስ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ትጎርሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ።

ለምን እንዳልደወልኩ ልንገርሽ። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔም አለቅሳለሁ፣ ቁም ነገሩ ሳይነሳ ካርዱ ያልቃል። ደብዳቤ ላይ ግን "ቆይ እማዬ፣ ቆይ" ብለሽ አታቋርጪኝም። ወደድሽም ጠላሽም እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

እሁድ ማታውኑ ለባልሽ ጽፈሽ በአውቶቡስ የላክሽለትን አንብቤዋለሁ። እሱን አትቆጪው፣ አላሳየኝም። ልጄ ሲጨንቀው ቁም ሳጥን እንደሚስል ታውቂያለሽ። አናጺ ሲባል እንዲህ ነው መሰለኝ፣ ሌላው ሰው ይተክዛል፣ እሱ መሳቢያ ይለካል። ደብዳቤሽ ጀርባ ላይ ሦስት ቁም ሳጥን ስሎ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ሦስት! ምን ቢጨንቀው ነው ብዬ ገለበጥኩት።

"ሚጢጢ ከእኔ ሸሽታለች። እሁድ ስደውል አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም። የቀረኝ አራት ወር ልጄን ከሚያሳጣኝ ሥልጠናው ይቅርብኝ። በወሩ መጨረሻ ማቋረጫዬን አስገብቼ እመጣለሁ።" መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።

ምሳ ላይ "ምን ልትመልስላት ነው?" አልኩት።

"እኔ እኮ እማዬ፣ ነይ ብላትም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቅሪ ብላትም ጥፋቱ የኔ ነው" አለና ማንኪያውን ይዞ ቀረ። አሳዘነኝ። እውነቱንም ነው።

አሁን የእሁዱን ጉድ ላውራሽ።

ያንን የቀዶ ሕክምና ክፍላችሁን ሕግ እዚህ ቤት ያስገባሽው አንቺ ነሽ። አንዱ "ይህን ያህል መድኃኒት ስጪ" ሲል፣ ሌላዋ ቃሉን ደግማ "ይህን ያህል እሰጣለሁ፣ ሰምቻለሁ" ካላለች ማንም እጁን አያነሳም ብለሽ አስተማርሽን። ይኸው ዛሬ እዚህ ቤት ሳይደገም ጨው እንኳ ድስት ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ሰሞን "ይህቺ ልጅ ቤቱን ሆስፒታል ልታደርግብን ነው" እያልኩ ለጎረቤት ማማቴን አልክድም። አሁን ግን ባለ ሱቁን "አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሰምቻለሁ በል" ብዬው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከሁላችን ይልቅ ሕጉን የምታጠብቀው ሚጢጢ ናት። የደገምሽውን ትፈጽሚያለሽ፣ የማትፈጽሚውን አትደግሚም፣ አለቀ። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት ለሦስት ቀን መጥተሽ ስትመለሺ በር ላይ ያልሻትን አስታወስሽ? የፊት ጥርሷ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ጉንጯን ይዘሽ "እስክመለስ እንዳይወልቅ፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ የማየው" አልሻት። አንቺ መቀለድሽ ነው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ "እስክትመለሺ አይወልቅም፣ ሰምቻለሁ" አለች።

ከዚያ ወዲህ ልጅት በአንድ ጎን ብቻ ስታኝክ ከረመች። ፖም ሰጥቻት "አልወድም" አለችኝ፤ ፖም ለማግኘት አጥር የምትዘል ልጅ! እኔ ጅሏ ሆዷን አሟት ይሆናል ብዬ ሻይ አፈላላታለሁ። ቅዳሜ ዳቦ ስትገምጥ ጥርሱ ወለቀ። ለማንም አልተናገረችም። እሁድ ስትደውይ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግንላት፤ "ሚጢጢዬ" ስትያት አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅ ደግሞ በስልክ አይሰማም። ከዚያ ስልኩን ጥላ ከአባቷ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እንባዋ ከመጋዙ ብናኝ ጋር ተለውሶ ፊቷ ሁሉ ጭቃ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘሁ። አንቺ እንደምታደርጊው ወረቀት ለጥፋበታለች። በዚያ በተጣመመ ፊደሏ "ጥርስ። አንድ። ቅዳሜ። እኔ አላወለቅኩትም" ይላል።

ጠራኋትና "ለምንድን ነው እናትሽን ያላናገርሻት?" አልኳት።

"አፌን ከከፈትኩ ታውቃለቻ።"

"ምኑን?"

"አይወልቅም ብዬ ደግሜላት ነበር እኮ፣ እማማ። ከእንግዲህ ሌላ ነገር ብደግምላት አታምነኝም።"

ምላሴን ነክሼ ነው ያልሳቅኩት። ከዚያ ግን አቅፌያት ትንሽ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅሽ።

ይኸው ነው ልጄ። ልጅሽ ከአንቺ አልሸሸችም። እሷ ቃሌን አጠፍኩ ብላ አፈረች፣ አንቺ እናትነቴን አጓደልኩ ብለሽ አፈርሽ፣ በአንድ የወተት ጥርስ ምክንያት ተፋፍራችሁ ተቀመጣችሁ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ሳለሁ፣ ንድፍ ማውጣት እንድማር ለስድስት ወር ወደ ሌላ ከተማ ሊልኩኝ ነበር። ባልሽ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። የምሄድ ቀን ቀሚሴን ይዞ እንዲህ አለቀሰ ብዬ ልነግርሽ አልችልም፤ መንደሩ ሁሉ ወጣ። መናኸሪያ ደርሼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ አላስችል አለኝና ወረድኩ። ሻንጣዬን ተሸክሜ ስመለስ ግቢው ውስጥ ቆርኪ እየመታ ይጫወታል። አየኝና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሻንጣው ሮጠ። ለካ ኳሱን እዚያ ውስጥ ደብቆት ኖሯል። ያን ሁሉ ያለቀሰው ኳሴን ይዛ ልትሄድ ነው ብሎ ነው።

በእኔ ቦታ ከጎኔ የምትቆርጠዋ ሄደች፤ ኃላፊዬም ሆና ተመለሰች። ጥሩ ኃላፊ ነበረች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እሷ ባወጣችው ንድፍ ላይ መቀሴን አስኬድኩ። ይህን ለባልሽ እንዳትነግሪው፤ ልጅ ነበር፣ ምን ያውቃል። እኔ ነኝ ለምን ታለቅሳለህ ብዬ ሳልጠይቀው የወረድኩት።

አንቺንም መጀመሪያ "ልጆች ጥለሽ የት ልትሄጂ ነው?" ያልኩሽ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር። የእኛ ሆስፒታል ሕፃን ለቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ የሚያስተኛ ሐኪም ስለሌለው ስንቷ እናት ልጇን ታቅፋ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና እንደምትጓዝ እያወቅኩ ነው ያልኩሽ። ይቅር በይኝ።

ቤቱን አታስቢ። ባልሽ ልብስ ማጠብ ተምሯል፤ ሸሚዞቹ ሁሉ ሰማያዊ ሆነዋል እንጂ ንጹሕ ናቸው። ትልቋ ልጅሽ የእኅቷን የቤት ሥራ ታርማለች፤ ከአስተማሪዋ ይልቅ እሷ ናት የምታስፈራው። እኔም ጉልበቴ ደህና ነው።

እንግዲህ ቃልሽን ስጪኝ። ይህን ድገሚና ጽፈሽ ላኪልኝ፦ "አራቱን ወር ጨርሼ እመጣለሁ፣ ሰምቻለሁ።" የማትፈጽሚው ከሆነ አትድገሚ። ግን ድገሚልኝ፣ ልጄ።

ሚጢጢ አጠገቤ ቆማ ጻፊልኝ ያለችው ደግሞ ይኸው፦ "እማዬ፣ ጥርሴ ራሱ ነው የወለቀው። ብልቃጡን ሳልከፍተው እጠብቅሻለሁ። እሁድ ደውይ፣ አፌን እከፍታለሁ።" ደግሜላታለሁ።

የያዝሽው ይቅናሽ። የምታስተኚያቸው ሕፃናት ሁሉ በሰላም ይንቁልሽ። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልኝ፣ እግርሽን ወደ ቤትሽ ይመልስልኝ።

እናትሽ
ጨርቅ ቆራጯ

ይህንንም ረስቼ፦ አረንጓዴው ሹራብሽ ከቁም ሳጥን ጠፋ ብለው ልጆቹ ቤቱን ሲያምሱ ሰነበቱ። እኔ ጋ ነው፣ ለብሼዋለሁ። ብርድ ብርድ ስላለኝ ነው። አራቱን ወር ጨርሰሽ ስትመጪ አወልቃለሁ፣ ሰምቻለሁ።