አንድ ምላጭ ለተጋራኋት እህቴ

ውድ ጭምቷ፣

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ምን እንደተጻፈበት አታውቅም። ባልሽ ቤት ካለ እጠፊውና ሲወጣ አንብቢው።

ሰሞኑን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አየሁሽ። ሆድሽ ገፍቷል፤ አምሮብሻል። አይተሽኝ ፊትሽን ስታዞሪ ቢከፋኝም አልፈረድኩብሽም። አብረን ከሠራንበት መጠጥ ቤት ወጥተሽ፣ ትዳር ይዘሽ፣ ያለፈውን ቀብረሽ እየኖርሽ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር፤ እንዲያውም ካንቺ ብሼ።

አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ከጤና ጣቢያ መጥተው እዚህ የምንሠራ ሴቶችን ደም ለምርመራ ወሰዱ። እኔ ላይ የጉበት ቫይረስ ተገኘ፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት። ምንም አያመኝም፤ ዓይኔም ቢጫ አልሆነም። «ተሳስታችሁ ይሆናል፤ እኔ ያለ ኮንዶም ወንድ አላስጠጋም» ብዬ ነርሷን ተሟገትኳት።

«ምላጭስ ከሰው ጋር ትጋሪያለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ከሰው ጋርስ አልጋራም! ከእህቴ ጋር ነው እንጂ።»

«እህትሽስ ሰው አይደለችም እንዴ? ንገሪያትና ትመርመር።»

ትዝ ይልሻል? ደንበኛ በጠጣበት ብርጭቆ እንኳ አንጠጣም ነበር። አንቺ የተላጨሽበትን ምላጭ ግን እጥብ አድርጌ እላጭበት ነበር፤ ቢቆርጠኝስ፣ ያው የእህቴ አይደል? ለካ በብርጭቆ አይተላለፍም፤ በደም ነው። ከኔ ወዳንቺ ይሁን፣ ካንቺ ወደኔ፣ ወይ ከሌላ፣ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። ጉበቴ ለጊዜው ደህና ነው፣ ክትትል ብቻ አታቋርጪ ብለውኛል። ለራሴ ፈርቻለሁ፤ ላንቺ ግን ይበልጥ።

ቁም ነገሩን ስሚኝ። ቫይረሱ ካለብሽ ስትወልጂ ወደ ልጅሽ ሊተላለፍ ይችላል። በተወለደበት ቀን ክትባት ከተሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ ሳትወልጂ ተመርመሪ፤ ባልሽም ይመርመር። የት እንደነበርሽ መናገር የለብሽም። «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የጉበት ቫይረስ ምርመራ እፈልጋለሁ» በይ፣ ይበቃል።

አውቅሻለሁ፤ እያፈርሽ ዛሬ ነገ ትያለሽ። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ በልብስ ሰፊዋ በኩል «ሄጃለሁ» የሚል ቃል ካልላክሽልኝ ቤትሽ እመጣለሁ። በሩን የሚከፍተው ባልሽ ቢሆንም አልመለስም፤ ማን እንደሆንኩ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜሽን ሙሉ ጥዪኝ። ልጅሽ ብቻ ይዳን።

ያንቺዋ ለፍላፊ