መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ጽሑፍ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ታፈሰ፤

የማጂ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው ወይስ እንደ ልማድዎ «ተሽሎኛል» ብለው መስኮት ላይ አስቀመጡት? እማዬና እህቴ ማናልሞሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አባዬ፣ ለፋሲካ ስመጣ ከቢሮ መልስ ስለምሠራው የኮምፒውተር ሥራ «ደመወዝ ለሌለው ነገር ዓይንሽን አታጥፊ፤ እስከ ክረምት ፍሬውን ካላሳየሽኝ ተዪው» ብለውኝ ነበር። እንግዲህ ፍሬው ደርሷል፤ ደስታዬን የምችልበት አጣሁ!

ሥራው ድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ማንም በነፃ ይወስደዋል፤ የሚችልም ሁሉ ካለበት አገር ሆኖ ያሻሽለዋል፣ እንደ ደቦ። የቴፒ ቡና ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ዙሌይካ የማኅበሩን ገጽ በእሱ ስትጽፍ መብራት በጠፋ ቁጥር የግማሽ ቀን ልፋቷ አብሮ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን መሯት ኮምፒውተሩን በቡና ጆንያ ሸፍናው ወጣች።

እኔም የተጻፈው ሁሉ በየአፍታው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቀመጥ አድርጌ ሠራሁና ለደቦው ሰዎች ላክሁ። እነሱ ግን «እኛ ዘንድ ችግሩ አይታይም» አሉ። መብራት ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ! በመጨረሻ ማክሰኞ ዕለት በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ እንዳሳያቸው ፈቀዱልኝ። እያዩኝ አንድ ገጽ ጽፌ ሳልጨርስ የቴፒ መብራት ድርግም አለ። አባዬ፣ አለቀስኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ሰዎቹ አልተበተኑም ነበር። የጻፍኩት አንድ ፊደል ሳይጎድል ብቅ ሲል ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ሥራዬንም ተቀበሉ። ያንን መብራት ስረግመው ኖሬ ያን ቀን መረቅሁት።

ትናንት አዲሱ የፕሮግራሙ እትም ወጣ። ታዲያ ፈረንጆቹ ሰውን በአባቱ ስም መጥራት ልማዳቸው አይደል፣ ዓለም በሚያየው መግለጫ ላይ «ታፈሰን ከልብ እናመሰግናለን» ብለው ጻፉ። ላርማቸው ጀምሬ ተውኩት። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ገጹን አትሜ ልኬልዎታለሁ፤ ስምዎን ራስዎ ያንብቡት። አሁንስ ልቀጥል? ይመርቁኝ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ማናልሞሽን ፈተናሽ ይቅናሽ ይበሉልኝ። እትዬ ጥሩነሽንና ጎረቤቱን ሁሉ እጅ ነስቻለሁ።

የተመሰገነው የታፈሰ ልጅ፣
ረድኤት

ቴፒ፣ ሰኔ 18 ቀን 2007 ዓ.ም.