በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ

ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ያ ሳልዎ ተወዎት ወይስ አሁንም ከዶሮ ቀድሞ ይነሳል? እማዬስ የደም ግፊት ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ ሻል ባላት ቁጥር መሀረቧ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እሱንም ለምደነዋል ብዬ አልዋሽዎትም።

ያለፈው ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ መልስ ለመጻፍ አቅም አጥቼ ነው የቆየሁት። እጅዎ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ፣ ምናልባትም ይህ የመጨረሻው ደብዳቤ እንደሚሆን ጻፉልኝ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ኮምፒውተር የያዙ ልጆች ስለመጡ ማመልከቻ የሚያጽፍዎ ሰው እንደጠፋ፣ ጽሕፈትዎም ከእንግዲህ ለማንም እንደማይጠቅም ጨመሩበት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ግን የምነግርዎ ነገር አለኝ፤ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ነገሩ የሚጣ ነው። የልጅ ልጅዎ ዘጠኝ ዓመቷን ይዛለች። ስታወራ ትንፋሽ አትወስድም፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፍም እንደዚያው ናት፣ ከላይ እስከ ታች አንዲት ነጥብ የለችም። መምህሯ በወሩ መጀመሪያ ጠርታን፣ ነጥቡ በየቦታው የገባ አንድ ገጽ ድርሰት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጻፈች ለእንግሊዝኛ ትምህርት ወደ ታችኛው ክፍል፣ ከትንንሾቹ ጋር እንደምትወርድ ነገረችን። ሚጣ ያን ቀን እራቷን ሳትበላ ተኛች። ይህች ልጅ እራት ትታ አታውቅም።

የድርሰቱ ርዕስ፣ ቤታችሁ ካለው ዕቃ አንዱ አፍ አውጥቶ ቢናገር ምን ይል ነበር የሚል ነው። ሚጣ ማቀዝቀዣውን መረጠች። ሾፌሩ ባለቤቴ ያን ሳምንት መንገድ ላይ ስለነበር ለማገዝ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቆሜ የሰው አንሶላ ስተኩስ ውዬ፣ ያበጠ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታና ከሳሙና ስም አያልፍም። ቢሆንም የማመልከቻ ጸሐፊ ልጅ ነኝና ልቤ አበጠ። ነጥብማ ለእኔ ተይው አልኳት።

ማመልከቻ በተበላሸበት ወረቀት ጀርባ ላይ ሲያስተምሩኝ፣ ቃል ከቃል እንዳይጋፋ መሀሉ ሁለት ነጥብ ይገባል ይሉኝ አልነበር? ዛሬ እኔን ጨምሮ ሁሉም ሰው ትቶታል። እርስዎ ግን ዳኛ ፊት የሚቀርብ ቃል ልብሱን ለብሶ ይቅረብ እያሉ አንዷንም አይዘሉም። ደብዳቤዎን ከመሳቢያው አውጥቼ ለሚጣ አሳየኋት። ከዚያ እናትና ልጅ እየተፈራረቅን በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ በየቃሉ መሀል ሁለት ሁለት ነጥብ አደረግንበት። እንደዚያ ያማረ ገጽ አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት መስሎ ተመለሰ። አንዲት ነጥብ እንኳ ከቀይ እስክሪብቶ አላመለጠችም። ወላጅ ይምጣ የሚልም ተጽፎበታል። አባባ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ካልሲዋን አወለቀች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አለቃዬን የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምኜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቷ አይደለም አልኩ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። የቀረውን የምልበት ቃል ስላጣሁ ደብዳቤዎን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ነጥቦቹን በጣቷ እየተከተለች አንድ መስመር ሙሉ ሄደች። ማን ነው የጻፈው አለችኝ። አባቴ ነው፣ ሥራው ይህ ነው አልኳት። ከዚያ ሚጣን አስጠርታ አስረዳችን። በእነሱ ጽሕፈት በቃላት መሀል ያለው ቦታ ባዶውን ይተዋል፤ ሁለት ነጥብ የሚደረገው ገና የሚከተል ነገር ሲኖር ብቻ ነው። እንደገና ጽፋ እንድታመጣም እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠቻት። እግዜር ይስጣት፤ ብትከለክላትም የሚወቅሳት አልነበረም።

ሚጣ ማቀዝቀዣውን ተወችውና ደብዳቤዎን ተቀበለችኝ። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ከኩሽናው ጠረጴዛ አልተነሳችም። እኔንማ አንቺ አትርጂኝ ብላ ከበር መለሰችኝ፤ እውነቷን ነው። ሰኞ ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ የነካው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። ልጃችን ከክፍሏ አልወረደችም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ራሷ እየተረጎመች አነበበችልኝ። የሚናገረው ዕቃ የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ከሩቅ የመጣሁ ደብዳቤ ነኝ፣ ይላል። ታጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎች ጋር እኖራለሁ። የዚህ ቤት እናት የመጨረሻው ነው ብላ አለቀሰችና ደበቀችኝ። የመጨረሻ መስመሬን ግን አላየችውም። የጻፈኝ ሰውዬ መጨረሻዬ ላይ ያደረገው ሁለት ነጥብ ነው። ገና የሚለው አለው።

ደብዳቤዎን ከእጇ ነጥቄ ማየቴን አልደብቅዎትም። እውነቷን ነው አባባ። አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን ካሉ በኋላ ያለው ሁለት ነጥብ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዲት አራት ነጥብ ብረሳ ሙሉውን ገጽ ያስደግሙኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እጅዎ ደክሞ ይሁን አስበውበት አላውቅም፤ አልጠይቅዎትምም። ጽሕፈቴ ለማንም አይጠቅምም ላሉኝ ግን መልሱ ይኸው። ሚጣን ክፍሏ ውስጥ ያቆያት የእርስዎ እጅ ነው። በዚያ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ስላስተማሩኝ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም። አመሰግናለሁ አባባ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ መሀረቧንም ይፈትሹልኝ። ታናሽ ወንድሜ ጢም አሳድጓል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ፎቶውን ካላየሁ አላምንም። አክስቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ያጠበበብኝ ቀሚስ አሁን ለሚጣ ልክ ሆኗል ይበሉልኝ። ባለቤቴ እጅ ነስቷል። ሚጣ ደግሞ የቀረውን ይላክልኝ ትላለች፤ እጅዎ እምቢ ካለም አንድ ቃልና ሁለት ነጥብ ይበቃታል። እኔም ከእርስዎ ተምሬ፣ ይህን ወረቀት በአራት ነጥብ አልዘጋሁትም።

ልጅዎ
ከሦስተኛው ፎቅ ኩሽና፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን፡