ገንፎውን ማን ያገነፋል?

ጥቅምት 6
ዛሬም ከጤና ጣቢያው ሦስት ሰዓት በእግር ወርጄ አስተማርኩ። አበርገሌ በጥቅምትም አይበርድ። ሥዕሎቹን ግራሩ ላይ ሰቀልኩ። የደም መፍሰስ፣ የምጥ መርዘም... አርባ ደቂቃ ለፈለፍኩ። እኔ ኽምጥኛ ስለማልሰማ የጤና ኤክስቴንሽኗ መሰረት ተረጎመችልኝ።
«ወራችሁ ሲገባ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መጥታችሁ ተኙ፣ በሰላም ትወልዳላችሁ።»
ሴቶቹ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባንቺ የምትባል፣ ሆዷ የገፋ፣ ከፊት ተቀምጣ ከሁሉም በላይ ነቀነቀች።
«ገብቷችኋል?»
«ገብቶናል።»
ሪፖርት፦ ሠላሳ አንድ ሴቶች ተምረዋል። እግሬ ተልጧል።

ጥቅምት 11
ማቆያው ባዶ ነው። ስምንት አልጋ፣ አንድም ነፍሰ ጡር የለም። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 17
ባንቺን በቃሬዛ አመጧት። ቤቷ ወልዳ፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም ሲፈሳት። አምስት ሰዓት ተሸክመዋት። ሕፃኑ ሞቶ ነው የተወለደው። እሷ ተረፈች... እንዴት እንደተረፈች እኔም አላውቅ። አማቷ እትዬ ሠርካለም በር ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰዋል።
ከፊት ነበር የተቀመጠችው። ምንድነው ያልነገርኳት?

ጥቅምት 19
ባንቺን ጠየቅኳት። አማርኛ ትሞክራለች።
«ያን ቀን ያልኩት አልገባሽም ነበር?»
«ሁሉም ገብቶኛል፣ ሲስተር።»
«ታዲያ?»
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
«አማቴ አብረውኝ አያድሩም ተባለ። ብወልድስ ገንፎውን ማን ያገነፋልኛል? በባዳ ቤት፣ አራስ ሆኜ...»
እውነቷን ነው። ደንባችን አስታማሚ አያሳድርም። ማብሰያም የለን። በዚያ ሁሉ ሥዕል ውስጥ ስለ ገንፎ አንድ ቃል የለም።
አባቴ ሰቆጣ ጨርቅ ሲሸጥ «ጦይባ፣ ደንበኛው ምን እንደጎደለው ሳትሰሚ ጣቃ አትዘርጊ» ይለኝ ነበር። አሁን ነው የሚገባኝ?

ጥቅምት 25
ሥዕል ሳልይዝ ወረድኩ። «ዛሬ እናንተ ንገሩኝ» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ራሴው ተናግሬ ልገላገል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ አንዷ ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም። ገንፎ። አማት። ፍየሎቹን ማን ያልባል? የሚያዋልደን ወንድ ቢሆንስ? ተደራረቡባትና መሰረት መተርጎም አቃታት።
ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስናገር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 3፣ ሰቆጣ
የዞኑ ጤና መምሪያ ስብሰባ። አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሙሉሰው «ግራፎቹን እንዳትዘልያቸው» ብሎኛል። ሃያ ሁለት ስላይድ። ተራዬ ሲደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን ይነካካል። አልፈረድኩባቸውም፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቱ ለፍልፎባቸዋል! ፕሮጀክተሩን አጠፋሁት።
«ሚስቶቻችሁ ሲወልዱ ገንፎውን ማን አገነፋ?»
ሳቁ። አንዱ «እናቴ» አለ። ሌላው «አማቴ፣ ያውም ከአምደወርቅ መጥታ።»
ከዚያ ስለ ባንቺ ነገርኳቸው። «ስሜን ሳትጠሪ ንገሪያቸው» ብላኝ ነበር። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ፦ አማት ትደር፣ የማቆያው ዕቃ ቤት ማብሰያ ይሁን።
ማንም አላጨበጨበም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።
«ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ?»
«የተሰበሩ ወንበሮች።»
«አውጧቸው።»
ሙሉሰው ሲወጣ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ።

ኅዳር 22
ሁለት ነፍሰ ጡሮች፣ ሁለት አማቶች። ዱቄታቸውን ይዘው መጡ። አማቶቹ በምድጃው ተጣሉ። አስታርቄ፣ አዋልጄ... ቆሜ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነበር። ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ።

ታኅሣሥ 12
ሌላ መንደር። ልጀምር ስነሳ አብረውን የመጡት እትዬ ሠርካለም ክንዴን ያዙኝ።
«አንቺ ተቀመጪ፣ ልጄ። ደክሞሻል። እኔ ልናገር።»
«እርስዎ? ምን ሊሏቸው ነው?»
«የተሸከምኩትን።»
ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። በኽምጥኛ ተናገሩ፣ ቀስ ብለው። ቁልቁለቱን በእጃቸው አሳዩ፣ ቃሬዛው የከበደበትን ትከሻ ነኩ። አንዲት አሮጊት መሐል ገብተው ተከራከሯቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ተነስታ አንድ ነገር ጠየቀች፣ ሁሉም ወደሷ ዞሩ።
መሰረት ልትተረጉምልኝ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።
«ተይው» አልኳት። «እየሰማሁ ነው።»