ራሜስዋራም ላይ ስለ አንተ የጠየቁኝ

ታላቄ እዮቤ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት አልፎ የጆሃንስበርግ ብርድ ተመልሶ ገባ። አስራ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ ጃኬትህ ልክ ሆኖኛል። ወሬውን ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ነው ከጃኬቱ የጀመርኩት።

ቮስሎሩስ ሰፈር ያለው ሱቅህ አልተዘጋም። እማዬ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጣ ዳቦና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ደንበኞችህ እስካሁን «ቡቲ እዮብ፣ ወንድማችን፣ የት ሄደ?» ይሏታል። እሷ በዙሉ «አኬኮ» ትላቸዋለች፤ የለም ማለቷ ነው። ከተቀበርክ ወዲህ ስምህን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሳጥኑን አልከፈቱልንም። ነጭ የፕላስቲክ ልብስ የለበሱ ሰዎች ሲያወርዱህ እኛ ከገመዱ ወዲህ ቆመን አየን። በኮሮናው ምክንያት ሰው መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንም። አላለቀስኩም። አንዳንዴ ፎቶህን አወጣና እንባ ይመጣ እንደሆነ እጠብቃለሁ። ምንም የለም።

ሚስትህ ሺላ አንዳንድ ቅዳሜ ትመጣለች። እማዬ ሻይ ትሰጣታለች እንጂ አታናግራትም ነበር። ሂንዱ ማግባትህን ያኔም ከልቧ እንዳልተቀበለችው ታውቃለህ። ድንበር ሲከፈት ሺላ ወደ ሕንድ ልትሳለም እንደምትሄድ ነገረችን። በእነሱ ቤት ሰው ሲሞት፣ አቅም ከተገኘ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ራሜስዋራም ወደምትባል ጥንታዊ የቤተ መቅደስ ከተማ ሄዶ ባሕር ዳር ይሸኘዋል። የሚሸኘው ወንድ ልጁ ነው፤ ልጅ ከሌለው ደግሞ ወንድሙ። ይህን ብላ ወደ እኔ አየች።

ከብዙ ቀን በኋላ እማዬ አንድ ጠዋት ተነስታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደችኝና ለአካለ መጠን ስላልደረስኩ የጉዞ ፈቃዴን ፈረመችልኝ። ስንወጣ «ለጣዖት እንዳትሰግድ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ባሕር ውስጥም እንዳትገባ፣ ዋና አትችልም» አለች። ብትሰማት ትስቅ ነበር።

ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። የቤተ መቅደሱ መተላለፊያ መጨረሻው አይታይም፤ በግራና በቀኝ ቀለም የተቀቡ የድንጋይ ምሰሶዎች ተደርድረዋል። ሰዎች ቅጥሩ ውስጥ ካሉት የጸበል ጉድጓዶች በባልዲ ውሃ እየተደፋባቸው ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ ወለሉ ሁሉ እርጥብ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ሂንዱ ያልሆነ ስለማይገባ ሺላ ስትገባ እኔ ምሰሶ ተደግፌ ጠበቅኋት። ውብ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን የማየው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሬን ተላጭቼ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ካህኑ ፊት ተቀመጥኩ። የሙዝ ቅጠል ላይ የተድቦለቦለ ሩዝና ጥቁር ሰሊጥ አስቀመጠልኝ። ደቡብ አፍሪካ የተወለደችው ሺላ በተሰባበረ የታሚል ቋንቋዋ ክርስቲያን መሆኔን ስትነግረው «ወንድሙ ነው አይደል? ይቀመጥ» አለ። ከዚያ ስምህን ጠየቀኝ። ነገርኩት። የአባትህን? ታደሰ። የአያትህን? ኤርሲዶ። የቅድመ አያትህን ሲለኝ አላወቅሁትም። አንተ ሆሳዕና ስላደግህ እስከ ሰባት ትቆጥር ነበር፤ እኔ አባባን ራሱን አላስታውሰውም። ያለ ስሞቹ አይሆንም አለ ካህኑ። ሌላ ቤተሰብ ከኋላችን ተራ ይጠብቃል።

ለእማዬ ደወልኩ። ሱቅ እየከፈተች ነበር። የሚፈልጉትን ስነግራት ፍርግርጉን መልሳ ስትዘጋው ተሰማኝ። ከዚያ «ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ልጅቷም ትስማ» አለች።

«እዮብ» አለች። «እዮብ፣ ታደሰ፣ ኤርሲዶ፣ ሎምቤ።»

ካህኑ ተከትሏት ሲደግም ሎምቤን ሎምባይ አለው። እማዬ «ሎምቤ ነው በለው» ብላ አስደገመችው። ይበቃል ሲል አላቆመችም፤ «ላምቦሬ፣ ሃንዲሶ» እያለች እስከ ሰባት ወጣች። የሱቁን ፍርግርግ ሰው ሲያንኳኳ ይሰማኛል፤ «ሊንዳ» አለችው፣ ጠብቅ ማለት ነው። ስትጨርስ «ልጅቷ ቁርስ በልታለች? ጠይቃት» አለችኝ። ስነግራት ሺላ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

ሩዙን ይዤ እስከ ወገቤ ባሕር ገባሁ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ውሃው ሞቅ ያለ ነው። ሩዙ ከእጄ ላይ ሲፈረፈር ትንንሽ ዓሦች መጡ። አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አላለቀስኩም እዮቤ። ቀዝቅዤብህ አይደለም፤ እንባው ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶኝ ነው።

ከተመለስን ትምህርት ቤት «ቺስኮፕ» ይሉኛል፣ መላጣ ለማለት። ሺላ ስትመጣ እማዬ ከወጡ ቋጥራ ትሰጣታለች። በዙሉም በእንግሊዝኛም እየቀላቀሉ ያወራሉ፤ አንዳንዴ ስለ አንተ ነው።

አውሮፕላን ላይ ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። ትውልድ ሲቆጠር ከእኔ ወደ አባባ ነው የሚሄደው፤ ወንድም መሐል አይገባም። ልጅ ስላልወለድክ በአንተ በኩል የሚቆጥር የለም። ትንሽ ዘመን ካለፈ መኖርህን የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

እሑድ እሑድ እማዬ ስሞቹን ታስጠናኛለች። እኔም «ሳሙኤል፣ እዮብ፣ ታደሰ፣ ኤርሲዶ» ብዬ እቆጥራለሁ። ልጆች ከወለድኩም እንዲሁ አስቆጥራቸዋለሁ። ደንቡ እንደዚህ እንዳልሆነ እማዬ ታውቃለች። እስካሁን አላረመችኝም።

ታናሽህ ሳሚ