ትርፍ የማይጭነው ገንዳ

ወለደችልን፣ ልጄ። ብርቱካናማ ጅራት ያላት ዓሣችን ዛሬ ጠዋት አሥራ አራት ልጆች ወለደች። ደስታው ሰላምታውን አስረሳኝ፤ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያለሽበት ይመችሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴንም ትንሽ ሻል ብሎኛል።

አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አፉን ዘግቶ መዋሉን ታውቂያለሽ። የላክሽለት የዓሣ ገንዳ ሲደርስ ፊቱ በራ፤ ግን ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ባዶ ቦታ ማየት አይወድም። ከትልቁም ከትንሹም ቀላቅሎ ሃያ ዓሣ አጨቀበት። ትልልቆቹ ትንንሾቹን በሉ፤ የቀሩትም ውሃው ቆሽሾባቸው በሳምንቱ አለቁ። «እኔ አልሆንም፣ ገንዳውን ለሰው ስጪልኝ» ብሎ እንደገና ዝም አለ።

እጁን ጎትቼ ዓሣ ሻጯ ዘንድ ወሰድኩት። «ጋሼ» አለችው እየሳቀች፣ «ይሄ ገንዳ ትርፍ አይጭንም። አንድ ዓይነት፣ ያውም ትንንሾቹን፣ አምስት ብቻ ይውሰዱ። አንድ ወንድ፣ አራት ሴት።»

«ወንዱ ምን በወጣው» አለ አባትሽ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልድ ሰማሁት።

ዛሬማ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ድምፁ ሰለለ። ሕፃናቱን እናታቸው እንዳትበላቸው በሳፋ ለይቷቸዋል። «አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፣ ትርፍ ነው፤ ሲጠነክሩ ይወርዳሉ» ይላል። ለዘመድ ሊያድላቸው ነው፤ ወንድሞችሽና አክስትሽ ባዶ ጠርሙስ ይዘው እንዲመጡ ታዘዋል።

አደራ፣ ስትደውዪ መጀመሪያ ስለ ዓሣዎቹ ጠይቂው። ምግብሽንም አትዝለዪ። ጠባቂሽ አይተኛ። ላንቺ የተለዩትን ሁለት ዓሣዎች ማንም አይነካቸውም፤ ፈቃድ ለምኚና ነይ፣ የሚታደሉበት ቀን የሚቀጥለው ወር የመጨረሻ እሁድ ነው።